ያልተቀቀለው ጥምጥም

አባ ወልደኢየሱስን ባሰብሁ ቁጥር ዛሬም በራሴ እናደዳለሁ።

በአርባዎቹ መጨረሻ ወገራን ተስቦ ሲያምሳት ከጎንደር በድሬሰርነት ወደ አምባ ጊዮርጊስ ተላክሁ። ሰው ሁሉ የበሽተኛ ደጃፍ ሲሸሽ እኒህ የደብሩ ቄስ ገብተው ያናዝዛሉ፤ ሲሞትም ይገንዛሉ። በአገሩ ደንብ ደግሞ የሟች ልብስ ስለ ነፍሱ ለነፍስ አባቱ ይሰጣል። ቤታቸው በሟች ጋቢ ተሞልቶ አገኘሁት።

«አባ፣ ይህ ልብስ ይገድልዎታል» አልኋቸው።

«ምነው ልጄ፣ ልብስ ደግሞ ሰው ይገድላል?»

ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ቅማሉ የበሽተኛውን ደም ይጠጣል፤ ኩሱን ገላ ላይ ይጥላል፤ ሰውየው ሲያክ ጀርሙ በጭረቱ ይገባል። ከዚያ የደም ሥሮቻችን ግድግዳ የተሠራባትን ትንሽ ሕዋስ ሰርጎ ይገባና የእሷኑ ስንቅ እየበላ ውስጧ ይራባል። ሲሞላት ትፈነዳለች፤ እሱም ወደ ጎረቤቷ ያልፋል። ሽፍታው፣ ትኩሳቱ፣ መቃዠቱ ሁሉ ከዚያ ነው።

«እንደ ነቀዝ» አሉ። «እህሉ ከላይ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ አልቋል።»

ሸጋ ሰው! ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩኝም። ከባለቤታቸው ከወለተሩፋኤል ጋር በርሜል ጥደን የሟቾቹን ልብስ ሁሉ ቀቀልን፤ የለበሱትንም አስወልቄ ቀቀልሁ። ጥምጥማቸው ብቻ ቀረ። ቄስን ጥምጥም አውልቅ ማለት ነውር ነው፤ እኔንም አሳዳጊ አልበደለኝምና ዝም አልሁ።

በሁለት ሳምንቱ ስመለስ ወድቀዋል። ፊታቸው በርበሬ መስሏል፤ ቤት ውስጥ የሌለ ሰው ያናዝዛሉ። የያዝሁት መድኃኒት አልቆ ስለነበር ወደ ጎንደር በሚሄድ ማኪና መልእክት ላክሁ። ራሳቸውን በውኃ ላቀዘቅዝ ጥምጥሙን ስፈታው አዲስ ነጠላ ነው፤ እጥፋቱን ቅማል ወርሶታል።

«ይህን ከየት አመጡት?» አልኋቸው ወለተሩፋኤልን።

«አንተ ልብስ ልትቀቅል ከመምጣትህ በፊት አያ አድማሴ የሚባል ገበሬ በተስቦ ሲሞት ሚስቱ የሰጠቻቸው ነው። የራሳቸው ጥምጥም አርጅቶ ነበርና ጠመጠሙት።»

አንዲት ቃል ደፍሬ ብናገር ኖሮ ይተርፉ ነበር። ጥምጥሙንም፣ የተኙበትንም፣ የቀረ ልብሳቸውንም ሁሉ እዚያው እሳት ውስጥ ጨመርሁ።

መድኃኒቱ ሳይደርስ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ከቀብር መልስ ወለተሩፋኤል አጠገቤ ቆሙ።

«ልብሳቸውን ሁሉ አቃጠልኸው። ለነፍሳቸው ምኑን ልስጥላቸው?»

ካፖርቴን አውልቄ ሰጠኋቸው። ትንሽ ይዘውት ቆዩና፣ የሳቸው ላብ የለበትም ብለው መለሱልኝ።