ገላኔ ዓይን ስትለይ

ፉሪ ዳር፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ የምትኖረው ገላኔ ጨለማ አትፈራም። ድሮ ግን ትፈራ ነበር። ባሏ ሞቶ አትክልት መቸርቸር በጀመረች ሰሞን፣ ሌሊት ወደ ሀይሌ ጋርመንት ገበያ ስትወርድ ሁለት ዓይኖች ከጨለማው ውስጥ ቦግ አሉባት። ባዶ ዘንቢሏን ጥላ እግሬ አውጪኝ አለች። ሲነጋ ተመልሳ ብታይ የጎረቤት አህያ ዘንቢሏን ያኝካል። ሰፈሩ ሲስቅባት ከረመ። እሷም አብራ ሳቀች፤ በልቧ ግን ከእንግዲህ የምትሸሸውን ሳታውቅ ላትሸሽ ቆረጠች።

እየዋለ እያደረ ተማረች። ባትሪ ወገብ ላይ ከተያዘ የአውሬ ዓይን ብዙም አይታይም፤ ከግንባር አጠገብ ሲያዝ ነው ቦግ የሚለው። ቀለሙን ማመን አይቻልም፤ አረንጓዴ የነበረው ዞር ሲል ቢጫ ይሆናል። የሚታመነው ቁመቱና አካሄዱ ነው። የሰፈር ውሻ ፊት ለፊት እያየ ይመጣል። ጅብ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ቆም ይልና ፊቱን ሲያዞር አንደኛው ዓይኑ ይጠፋል።

ይህ እውቀት ለቁም ነገር ያስፈለጋት ባለፈው ክረምት ነው። ጎረቤቷ ሃምዛ፣ ባለ ሱቁ፣ ዶሮዎቹ እየጠፉበት ተቸገረ። አንድ ሌሊት በመስኮት ሲያበራ ሁለት ዓይኖች አየ። ጠዋት ጎረቤቱን ሰብስቦ መጣና «ሌባው ይሄ ነው» ብሎ ኩቲን፣ የገላኔን ውሻ፣ ከበሯ ምሰሶ ጋር በገዛ እጁ አሰረው።

«እትዬ ገላኔ፣ እርስዎን አክብሬ ነው እንጂ ዛሬውኑ መርዝ ባበላሁት ነበር። እስከ አርብ ያስወግዱት።»

«ያየኸው የማንን ዓይን ነው?»

«ዓይን ዓይን ነው! መታወቂያ ይዞ ይመጣል እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ገላኔ አልሳቀችም።

በዚያው ዕለት ሌሊት ኩቲ እንደታሰረ ሌላ ዶሮ ጠፋች። ሃምዛ ግን «ሌሊት ፈተውት ነው» አለ።

ገላኔ ነገሩ በአፍ እንደማያልቅ ገባት። «እንግዲያው ከኔ ጋር ቁጭ ብለህ በዓይንህ ታያለህ» አለችው። «እስከ አርብ ካላሳየሁህ ውሻውን እኔው ራሴ አስረክብሃለሁ።»

ረቡዕ ማታ ከሃምዛ ጓሮ ተቀመጡ። የመጣችው ድመት ብቻ ነበረች።

«ይቺን ነው የሚያሳዩኝ?» አለ ሃምዛ እያዛጋ።

ሐሙስ ማታ ዝናቡ አላባራ አለ። ሃምዛ ጃኬቱን ተከናንቦ «ነገ አርብ ነው፣ እትዬ። ብንተኛ አይሻልም?» አላት።

«ዛሬ መች አለቀ? ተቀመጥ።»

ዝናቡ ሲያባራ ግንቡ ላይ አንድ ነገር ኮሽ አለ። ሃምዛ ባትሪውን ከወገቡ አበራ።

«የታለ? ምንም የለም።»

ገላኔ እጁን ይዛ ወደ ግንባሩ አነሳችለት። ሁለት ዓይኖች፣ እርስ በርስ የተቀራረቡ፣ ከግንቡ ላይ ቦግ አሉ። ዓይኖቹ ጠፉና ከግንቡ አጠገብ ካለው ጽድ ግንድ ላይ በሩ። ደግሞ ጠፉና ከዶሮ ቤቱ ጣሪያ በላይ፣ ቅርንጫፍ ላይ በሩ። ባትሪውን ዝቅ ሲያደርግ ረጅም ዝንጉርጉር ጭራ ተንጠልጥሎ ታየ።

«ሸለምጥማጥ!» አለ።

«ኩቲ ዛፍ ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ?»

ሃምዛ ድንጋይ ወርውሮ አባረረው። «የዶሮ ቤቱን ጣሪያ ቀዳዳ ነገ በሽቦ እደፍነዋለሁ» አለ። «ውሻውን ይፍቱት፣ እትዬ።»

«እኔ አላሰርኩትም።»

«እሺ፣ አሁኑኑ ልፍታው።»

«አሁን አይሆንም። ሌባ ነው ያልከው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሰብስበህ ነው። ጠዋት እነዚያኑ ሰዎች ጠርተህ ትፈታዋለህ።»

«እንዲያው ለውሻ ብለው…»

«ለውሻዬ፣ አዎ።»

አርብ ጠዋት ገላኔ ገበያ አልሄደችም። ጎረቤቶች በሯ ላይ ተሰበሰቡ። ሃምዛ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ዶሮ ሲበላብኝ የከረመው ሸለምጥማጥ ነው። በኩቲ የፈረድኩት ተሳስቼ ነው» አለ። ተንበርክኮም ገመዱን ያዘ። ዝናብ ያጠበቀው ቋጠሮ አልፈታ አለው። አንዱ ጎረቤት ቢላዋ ሊያመጣ ሲነሳ ገላኔ በእጇ ከለከለችው።

«ቀስ ብለህ ፍታው፣ ልጄ» አለች። «እኔ አልቸኩልም።»