ቆላ የወረደው የድንጋይ ቤት

እናቴ ቆላ ለመውረድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ የድንጋይ ቤት። አባቴ ኮኪት አጠገብ መሬት ይዞ ሰሊጥ መዝራት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ እሷ ግን እኛን ልጆቿን ይዛ ደጋ ቀርታለች። «ሳር ቤት ውስጥ ልጅ አላሳድግም» አለች፤ አለቀ። እሱም ናፍቆታችን ስለበዛበት እሺ አለ። ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው።

የሠራላት እሷ ተወልዳ ያደገችበትን ዓይነት ቤት ነው። ግንበኛው ከደጋ መጣ። ድንጋዩ ከሽንፋ ወንዝ በኩል በትራክተር ተጎታች ተጓጓዘ። ግድግዳው ሁለት ረድፍ ሆኖ መሐሉ በጠጠርና በጭቃ ተሞላ፤ ውፍረቱ ክንድ ከስንዝር ይሆናል። የማዕዘን ድንጋዮቹ ተጠርበው አንዱ በአንዱ ላይ ተቆላለፉ፤ ከበሩ በላይ ወፍራም የወይራ ጉበን ተጋደመ። መስኮቶቹ ደግሞ ብርድ እንዳያስገቡ ጠበብ ተደረጉ። ኮኪት ላይ የትኛው ብርድ እንደሆነ የጠየቀ የለም። የሰሊጥ ሠራተኞች ሲያልፉ «የጎንደር ግንብ ቆላ ወረደ» እያሉ ይስቃሉ፤ አባቴ ግን ቀልዱን እንደ ሙገሳ ነበር የሚወስደው።

ሱቅ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ቤቱን ዞረው አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼ ዋልካ አፈር እኮ አርፎ አይተኛም። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ሳርና እንጨት አብሮት ይንቀሳቀሳል፤ ድንጋይ ግን እንጃ» አሉት። አባቴ በትሕትና አመስግኖ ሸኛቸውና ወደ ግንበኛው ተመለሰ።

በመጀመሪያው በጋ ቤቱ ምድጃ ሆነ። ያ ወፍራም ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲያጠራቅም ይውልና፣ ውጭው ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር ወደ ውስጥ ይለቀዋል። እናቴ አንገረቧን፣ ያን በገመድ የተጠለፈ አልጋ፣ ወደ ራኩባው አወጣች። ራኩባው አባቴ ለግንበኛው ጥላ ብሎ በጥቂት እንጨቶች ላይ ሳር ጥሎ የሠራው ዳስ ነው። መብላቱም መተኛቱም እዚያ ሆነ። የጎረቤት ሴቶች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ባሚያ መሥራት አስተማሯት፤ ሳቋ እስከ መንገድ ድረስ ይሰማ ጀመር። ደጋ ሳለን እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ቤቱ የጆንያና የማረሻ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ።

በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ተሰነጠቀ። ጣት ያስገባል። አባቴ እናቴ ገበያ እስክትሄድ ይጠብቅና ስንጥቁን በጭቃ ይደፍናል፤ ዝናቡ መልሶ ይከፍተዋል። የጨነቀው የቤቱ ነገር እንዳልሆነ ገብቶኛል። የመጣችው ለድንጋይ ቤት ነው፤ ቤቱ ከፈረሰ እሷም ትሄዳለች ብሎ ነው። ያሳዝነኝም ያናድደኝም ነበር። ራኩባው ሥር በየቀኑ እንደዚያ ስትስቅ እሱ እንዴት እንደማይሰማት አይገባኝም ነበር።

አንድ ቀን ከገበያ ቀድማ ተመለሰችና እጁ በጭቃ ተለውሶ አገኘችው።

«ሌላ ግንበኛ አመጣለሁ» አላት። «ካልሆነም መንገዱ ሲደርቅ ወደ አገርሽ እመልስሻለሁ።»

ስንጥቁን አየችው። አዲስ ነገር ያየች አትመስልም።

«ድንጋዩን ያመጡት ለእኔ ብለው አይደል?» አለችው። ሁልጊዜም አንቱ ነበር የምትለው።

«ላንቺ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ለእኔ ብለው ያፍርሱት፤ ልጆቹ ላይ ሳይወድቅ። እኔ እንደሁ የትም አልሄድም።»

የደረቀውን ጭቃ ከእጁ ላይ እየፈቀፈቀ ቆየ። ዝናቡ ሲያባራ ማፍረሱ ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ድንጋይ ያወረደችው እሷ ነች። ቤት ሲፈርስ አይቼ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው።