እንደ ጓሳ የተዘጋሁ ጊዜ

መጀመሪያ የደነዘዙት የግራ እጄ ጣቶች ናቸው። ረፋድ ላይ ነበር። ቁስል ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ማስተዋል ከምትባል የስምንት ዓመት ልጅ አጠገብ ቆሜ፣ መዳፏ ላይ ያስቀመጥኩላትን ቁራጭ የበግ ፀጉር ፍርሃቷ እንዲበርድላት፣ እንዳይወድቅ ቀስ ብላ እንድትነፋው እያሳየኋት ነበር። ነርሷ የተቃጠለ እግሯን ፋሻ መፍታት ጀመረች። ጣቶቼ ደነዘዙ። ከንፈሬ ደነዘዘ። ልቤ ሊወጣ ደረሰ። አየር አጣሁ። ሞትኩ አልኩ።

አልሞትኩም! ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ከሁሉ በፊት መስማት የሚፈልገው እሱን ስለሆነ ነው። ልብ ሰቅሎ ማስቀመጥ አልወድም።

ያን ጊዜ የሥነ ልቦና ተማሪ ነበርኩ። በኢሕአዴግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ በየቦታው ሲከፈት ዕድሉ ከደረሳቸው አንዷ ነኝ፤ የግሼ ልጅ፣ የራቤል። በመጨረሻው ዓመት ለሥራ ልምምድ፣ እኛ ተማሪዎች «አፓረንት» ለምንለው፣ መንዝ ደጋ ላይ ወዳለ አንድ የሕፃናት ሆስፒታል ተላክን። ሁለት ነበርን፤ እኔና ዘሀራ። ዘሀራ የቆላ ነጋዴ ልጅ ናት። የመጀመሪያውን ሳምንት በሁለት የበግ ፀጉር ባና ተጠቅልላ፣ «እናንተ ሰዎች ፍሪጅ ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሩት?» እያለች አሳለፈችው። ሥራችን ልጆቹን ለመርፌ፣ ለቁስል እጥበትና ለቀዶ ሕክምና ማዘጋጀት፣ ፍርሃታቸውን ማስታገስ፣ እናቶቻቸውን ማነጋገር ነበር። ያንን ሥራ የወደድኩትን ያህል ምንም ወድጄ አላውቅም!

የሚያሠለጥኑን ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። ከጓሳ ሥር ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ ሳቃቸው ከድምፃቸው የባሰ። በየሳምንቱ አርብ ከሰዓት ሁለታችንን አስቀምጠው መጀመሪያ ስለ ልጆቹ ይጠይቁናል፤ ቀጥለው ስለ ራሳችን።

«አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

በሚቀጥለውም አርብ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሁለት ወር ሙሉ! ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነው ያደግነው። እኛ አገር ሰው እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ ሲወሰድ መንገድ ላይ እንዴት ነህ ቢሉት፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው።

ደህና ግን አልነበርኩም። ነገሩ የተጀመረው የራቤል ልጅ ሆስፒታሉ ውስጥ አለች የሚለው ወሬ ገበያ የገባ ቀን ነው። ልጅ የታመመባት የአገሬ እናት ሁሉ እኔ ዘንድ መጣች። የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። እንግዳ ይመለሳል እንዴ? አልጋዬን ለቀቅኩ፣ መሬት ላይ ተኛሁ። አንዷ ስትሄድ ሁለት ይመጣሉ፤ አንድ ሰሞን አምስት ሆኑ። ቀን ዋርድ ውስጥ የሰማሁት አይበቃ ይመስል፣ ከሥራ ስመለስ ሌላ ጉድ ይጠብቀኛል። የሞተባትን ልጅ የምትነግረኝ አለች፤ ያላትን ልጅ ትሞትብኝ ይሆን ብላ የምትጠይቀኝ አለች። ሁሉንም ሰማሁ። እንቅልፍ አጣሁ፣ እህል አስጠላኝ። ሌላውን ቀስ ብለሽ ተንፍሺ እያልኩ እኔ ትንፋሽ አጠረኝ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ማለት እኔ ነኝ።

እና በዚያ ረፋድ ሮጥኩ።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ማስተዋል «እትዬ!» አለች። ሰማኋት። አልተመለስኩም። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ደረቴን ያዝኩ። ልጅቷ ስትጮህ ይሰማኛል። መነሳት አቃተኝ።

ዘሀራ ፈልጋ አገኘችኝና ጎትታ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደችኝ። የልብ ምት መመርመሪያ ኢሲጂ ተነሳሁ፣ የደም ግፊቴ ተለካ፣ ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ተመረመርኩ። የልብ በሽታ እንዳለብኝ እርግጠኛ ሆኜ፣ እናቴ መርዶውን ማን ይነግራት ይሆን እያልኩ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና፣ «ልብሽ ጤነኛ ነው። ያመመሽ ግን እውነተኛ ሕመም ነው፤ ፓኒክ አታክ ይባላል፤ ድንገት የሚነሳ ብርቱ ፍርሃት ነው» አለኝ።

ፓኒክ አታክ! አንድ ሴሚስተር የተማርኩት፣ ፈተናው ላይ ኤ ያመጣሁበት! በራሴ ላይ ሲመጣ ግን መልኩን አላወቅኩትም። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን በኀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ ክፍል መጠጋት አቃተኝ። በሩን ከሩቅ ሳየው ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። በወጥ ቤቱ በኩል ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። ማስተዋል በበኩሏ ያለ እኔ ፋሻዬ አይፈታም ብላ ድርቅ አለች። ዘሀራ ለመነቻት፣ ነርሷ ለመነቻት፣ አልሰማ አለች። በግድ ይዘው ሲያጥቧት ጩኸቷ ግቢውን ይሞላዋል፤ ከግማሽ በላይም መታጠብ አልቻለም። ቁስሉ መግል ያዘ። ሐኪሙ እንዲህ ከቀጠለ አዲስ አበባ ልኮ በማደንዘዣ ማሳጠብ እንደሚያስፈልግ ተናገረ። እኔ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ወደዚያ ክፍል መግባት የማይችል ሰው ይህን ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ ስለዚህ ትምህርቴን ትቼ ራቤል ልገባ ቆረጥኩ።

አርብ ደረሰ። «አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ?» አሉኝ ወይዘሮ እጅጋየሁ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብ...»

«ቆዪ!» እጃቸውን አነሱ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ውስጥ ምስጋና ከኋላ ነው። መጀመሪያ የሆንሽውን ንገሪኝ። ስትጨርሺ ታመሰግኛለሽ፤ እሱም እውነቱን ሰምቶ ይቀበልሻል።»

ምን ነካኝ መሰላችሁ፣ እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ እንግዶቹን፣ እንቅልፉን፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ የተቀመጥኩትን፣ ሻንጣውን። ዘሀራ ተናደደች። «ከአንድ መሶብ እየበላን ይህን ሁሉ ከእኔ ደበቅሽ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትይ አልነበር እንዴ ለእናቶቹ?» አለችኝ። ወይዘሮ እጅጋየሁ ግን አልተቆጡኝም። «ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ። «ደህና ነኝ ስትዪ ተመችቶኝ አለፍኩሽ። እኔም በጀመርኩበት ዓመት ዋርድ ልገባ ስል የሚያስመልሰኝ ጊዜ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። አንቺ ላይ ይደገማል እንዴ!»

ቀጠሉና ጠረጴዛውን መታ አድርገው፣ «ዘጋሁሽ!» አሉኝ።

ጓሳን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከመንዝ በላይ ያለ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ የቤታችን ክዳን፣ የከብታችን ግጦሽ ከዚያ ነው። አገሩ ተስማምቶ ለዓመታት ይዘጋዋል። ያኔ ማንም አያጭድበትም፣ ማንም አያግጥበትም፤ ጠባቂ ይቆምለታል። ሣሩ አገግሞ ሲነሳ ሽማግሌዎች ይከፍቱታል፤ ሁሉም ይጠቀማል።

«ጓሳን የምንዘጋው ሣሩን ጠልተን ነው እንዴ?» አሉ። «ነገ እንዲኖር ነው። ሦስት ልጆች ብቻ ትይዣለሽ። ቤትሽ እንግዳ አይገባም። ማስተዋልን ለጊዜው ዘሀራ ትይዛለች፤ አንቺን ደግሞ ሐኪሙ በየሳምንቱ ያይሻል። እኔ አሠልጣኝሽ ነኝ እንጂ ሐኪምሽ አይደለሁም።»

«የአገሬን ሰው እንዴት ሂዱ እላለሁ? እናቴ ምን ትባል?»

«አንቺ አትዪም። እኔ እላለሁ።»

ሰኞ ጠዋት አስታማሚዎቹን ግቢ ውስጥ ሰበሰቧቸው። እኔ ከዘሀራ ጀርባ ተደብቄ ቆሜያለሁ። ይቀየሙኛል፣ ወሬው ራቤል ይደርሳል፣ አለቀልኝ አልኩ። ወይዘሮ እጅጋየሁ ብዙ አልተናገሩም። «ይህች ልጅ ልጆቻችሁን ስታስታምም ታመመች። ስለዚህ እንደ ጓሳ ተዘግታለች» አሉ።

ከዚያ እማማ አስካለ፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው እኔ ቤት የሰነበቱ የደብራችን ሰው፣ ብድግ አሉ። «እስከ መቼ ነው የተዘጋችው?»

«እኔ እስክከፍታት።»

«እንግዲያማ ማን አባቱ ይገባል!» አሉ እማማ አስካለ።

ጉድ እኮ ነው! እኔ ሁለት ወር የፈራሁት ነገር በአንድ ቃል አለቀ። ያን ዕለት ከቤቴ ዕቃቸውን አንስተው ወደ አስታማሚዎች ማረፊያ ገቡ፤ አልጋዬን እንኳ አንጥፈውልኝ ሄዱ። በማግሥቱ አንዲት አዲስ እናት በር ላይ አይታኝ፣ «የእነ እንትና ልጅ አይደለሽም?» ስትል እማማ አስካለ ከየት እንደመጡ ሳላውቅ መሐል ገቡ።

«ነይ ከዚያ! ተዘግታለች!»

«ምኗ?»

«ሁለመናዋ! ነይ፣ ካርድ የሚወጣበትን እኔ አሳይሻለሁ።»

እንዲህ ሆነ። ቀድመው የመጡት እናቶች አዲስ ለሚመጡት ካርድ ማውጣቱን፣ ላቦራቶሪውን፣ ልጅን ለመርፌ ማዘጋጀቱን ያሳዩ ጀመር። እኔ ብቻዬን ልሸከም ስንገታገት የኖርኩትን ሃምሳ ሰው ተካፍሎት ጌጥ አደረገው።

እኔም ቀስ በቀስ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ገንፎ አማረኝ፣ ከሥራ በኋላ ከዘሀራ ጋር እስከ መንደሩ ዳርቻ ድረስ እየተራመድን እሷ ስለ ብርዱ ስታማርር እኔ እየሳቅኩባት መመለስ ለመድን። ሐኪሙ አንዳንድ ሰው መድኃኒት እንደሚያስፈልገው፣ ያም እንደማያሳፍር፣ እኔ ግን ያለሱ መሞከር እንደምችል ነገረኝና ፍርሃቱን በደረጃ እንድቀርበው አደረገኝ፤ መጀመሪያ ከኮሪደሩ ጫፍ ቆሜ በሩን ማየት፣ ያንን ስለምደው እጀታውን መንካት፣ ከዚያ ባዶ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ልቤ እስኪረጋ ሳልሸሽ መቀመጥ። ልብ እየዘለለ ዝም ብሎ መቀመጥ ቀላል አይደለም፤ ግን እያንዳንዱ ቀን ከፊተኛው ይሻል ነበር፣ ዘሀራም በር ላይ ቆማ፣ «አለሽ?» «አለሁ!» እያልን እንሳሳቅ ነበር።

የቀረችኝ ማስተዋል ነበረች። ለዘሀራ ጥቂት ጥቂት እሺ እያለች ቁስሏ እንደ ምንም አልባሰም፤ ግን አልሻለውም። አንድ ጠዋት አልጋዋ ዳር ተቀመጥኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ያን ቀን ጥዬሽ የሮጥኩት ፈርቼ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አልኳት።

ዞር አለች። «አንቺም ትፈሪያለሽ?»

«በጣም።»

አሰበችና፣ «እንግዲያው አብረን እንግባ» አለች።

ገባን። በሩ ተዘጋ። ነርሷ ፋሻውን ያዘች። ጣቶቼ ደነዘዙ። ልቤ ተነሳ። በሩን አየሁት። ማስተዋልም አየችኝ። የራሷን የበግ ፀጉር አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ቀስ ብለሽ እትዬ። እንዳይወድቅ።»

ነፋሁ። ሸርተት አለ። አልወደቀም። እንደገና ነፋሁ። ከዚያ እሷ መዳፏን አስጠጋችና በተራ ነፋነው፤ እሷ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ እሷ። አንዴ «አይ!» ብላ ጮኸች፤ እጄን ጨመቀች፤ ፋሻው ተፈታ፣ ቁስሉ ታጠበ፣ አዲሱ ታሰረ። አለቀ! ቆመናል! ሁለታችንም!

ስንወጣ ዘሀራ እየዘለለች አቀፈችን። እማማ አስካለ እልልታውን አቀለጡት፤ እናቶቹ ተቀበሏቸው። ወይዘሮ እጅጋየሁ ከቢሯቸው ብቅ ብለው «ሆስፒታል ነው እኮ፣ ዝም በሉ!» እያሉ ራሳቸው ከሁሉ በላይ ይስቃሉ።

ማስተዋል በእግሯ ሄዳ አገሯ ገባች። እኔ ሻንጣዬን ፈታሁ፣ ልምምዴን ጨረስኩ፣ ተመረቅኩ፤ ዛሬ እዚያው ሆስፒታል ተለማማጆችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። አርብ ከሰዓት ሲመጡ የመጀመሪያ ሥራዬ «ምስጋና ከኋላ ነው» የምትለዋን ያቺን ሕግ መንገር ነው። እናንተም ይህ ሕመም የያዛችሁ፣ በተለይ ሌላውን ስታስታምሙ የያዛችሁ፣ እባካችሁ ልባችሁን በሐኪም አስመርምሩ፣ ከዚያ ለአንድ ሰው የሆናችሁትን ሳታሳምሩ ንገሩ። እምቢ ማለት ካቃታችሁ እምቢ የሚልላችሁ ፈልጉ። አሠልጣኝ የሆናችሁ ደግሞ «ደህና ነኝ» ስትባሉ ተመችቷችሁ አትለፉ።

ለሐኪሙ፣ ለዘሀራ፣ ለማስተዋል፣ በር ላይ ለቆሙልኝ ለእማማ አስካለ፣ ለወይዘሮ እጅጋየሁ ውለታቸውን ከፍዬ አልጨርሰውም። እንዴት ነሽ ብትሉኝ፣ ባለፈው ሐሙስ የግራ እጄ ጣቶች ደንዝዘው ነበር። አንድ ሕፃን ሞቶብን ነው። ፈርቻለሁ፣ አልቅሻለሁ፣ ለባልደረቦቼ ነግሬያለሁ፣ አርብን አርፌ ሰኞ ሥራ ገብቻለሁ። ይኸው፣ የሆንኩትን ነገርኳችሁ።

ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።