ነጭ የደም ሴሎቼን በእጅ ያስቆጠርኩበት ቀን

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ሞትን በቅርብ ስላየሁት ብቻ አይደለም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላጋንን ተናግሬ ማንም ስላላመነኝ ነው።

ሐይቅ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር አሳ ጠብሼ የምሸጥ ሰው ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳን ነክቷል። ስለ አሳ መጠን ሳወራ ደንበኞቼ ለሦስት አካፍለው ነው የሚሰሙኝ። አንድ ጊዜ የገዛሁት አሳ ባጃጅ ውስጥ አልገባ ብሎ ጅራቱን በመስኮት አስወጥቼ አምጥቼዋለሁ። ባጃጅ መስኮት የለውም ትሉኝ ይሆናል፤ ዝርዝር ውስጥ አንግባ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴ አሠቃየኝ። በቀን አሥራ አምስት ጊዜ መጸዳጃ ቤት እመላለሳለሁ፣ ደምም አለው። ዘመዶቼ «የዚህ ዓይነት በሽታ ለሰው አይወራም» ይሉኛል። እያስተናገድኩት ያለሁትን ደንበኛ ትቼ እየሮጥኩ ስወጣ የሐይቅ ሰው ሁሉ ያያል፤ ምኑን ነው የምደብቀው?

በመጨረሻ ደሴ ያለ ሐኪም በካሜራ አየኝና ትልቁ አንጀቴ መቁሰሉን፣ የገዛ ሰውነቴ መከላከያ እንደ ጠላት እየወጋው መሆኑን ነገረኝ። ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን የሚባሉ ኪኒኖች አዘዘልኝ። «ይህ ሁለተኛው ኃይለኛ ነው። በየሳምንቱ እዚያው ሐይቅ ደምዎን ያስቆጥሩ። እንዳይዘነጉ» አለኝ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ደሙ ቆመ። አልሀምዱሊላህ! ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ ያልጨረስኩትን ምሳ ቁጭ ብዬ ጨረስኩ። ደስታዬ ግን አልቆየም። በአራተኛው ሳምንት አፌ በሙሉ ቆሰለ። ጉሮሮዬ ምራቅ አላሳልፍ አለ። ትኩሳቱ ደግሞ አሳ ያለ ከሰል ይጠብሳል። ጎረቤቶቼ «ዓይን ነው፣ ገበያህን አይተው» አሉ። ባለቤቴ ዘሀራ ግን ክንዴን ይዛ በየሳምንቱ ደሜን ወደማስቆጥርበት ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ደም ሰጠሁ። ወረቀቱ ሲወጣ ነጭ የደም ሴሌ ሰባት መቶ ነው ይላል። ትንሹ ልክ አራት ሺህ ነው።

የዕለቱ ተረኛ ባለሙያ ወረቀቱን አየና ሳቀ። «ማሽኑ ነው፣ ትናንትም አስቸግሮናል። በሰባት መቶ ሰው ቆሞ አይሄድም። ኪኒንዎን ሳያቋርጡ በሳምንቱ ይመለሱ።»

«ቆሜ አልሄድኩም፣ ተጎትቼ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«አንቱ ደግሞ ሲያጋንኑ!»

ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ ደንበኛዬ ነበር። «ጋሼ እንድሪስ አሳውን ሲያተልቅ ኖሮ አሁን ደሙን አሳነሰው!» አለ። ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም ከእነሱ በላይ እስቅ ነበር።

ኪሴ ውስጥ የዚያ ቀን ኪኒን አለ። ብውጠው፣ ማሽኑ እውነት ተናግሮ ከሆነ ራሴን መግደሌ ነው። ብተወው፣ ማሽኑ ዋሽቶ ከሆነ ያ የደም ጎርፍ ተመልሶ ይመጣብኛል። በማሽን ጥርጣሬ ሕይወቴን ሳምንት ላሳድር ነው? ወላሂ አላደርገውም!

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። «ከዚህ የምነሳው ወይ በትክክለኛ ቁጥር ነው ወይ በቃሬዛ» አልኩ።

«አባቴ፣ ሰው እየረበሹ ነው» አለ ባለሙያው።

«ገና መች ረበሽኩ! ዘሀራ፣ ምሳዬን እዚህ አምጪልኝ። ፍራሽም ጨምሪ።»

ዘሀራ በሌላ ጊዜ የኔን ነገር ንቃ ትተወዋለች። ያን ቀን ግን ነጠላዋን አጣፍታ ከጎኔ ቁጭ አለች። «እኔም አልሄድም» አለች።

ይህን ጊዜ ከላቦራቶሪው ደሜን የቀዳችው ልጅ ወጣች። ቀጠን ያለች፣ ሂጃብ የለበሰች፣ ከዚያ በፊት አይቻት የማላውቅ ናት። «ማሽኑን ካላመናችሁ እኔ በዓይኔ ልቁጠረው። የምሳ ሰዓቴ ነው፣ ማንንም አላስጠብቅም» አለች።

ደሜን በማይክሮስኮፕ ስታይ በተከፈተው በር አያታለሁ። ትቆጥራለች፣ ቀና ትላለች፣ እንደገና ጎንበስ ትላለች። ሁለተኛ ናሙና ቀዳችኝና ደግማ ቆጠረች። ስትወጣ ፊቷ ላይ ፈገግታ የለም።

«ጋሼ፣ ማሽኑ አልዋሸም። ያቺን ኪኒን እንዳይውጧት።»

የሚስቅ ሰው ጠፋ። በገዛ ስልኳ ደሴ ላለው ሐኪሜ ደወለች። «አሁኑኑ ይምጣ» አላት። ትንሽ ጉንፋን ብትነካኝ እንኳ የሚመክትልኝ ሴል ስለሌለ ማስክ አደረገችልኝና «ከሰው ጋር ተጋፍተው እንዳይሳፈሩ» ብላ አዘዘችን። ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ደሴ ገባን።

እዚያ አሥራ አንድ ቀን ለብቻዬ ተኛሁ። ሐኪሙ አልጋዬ ዳር ቆሞ አስረዳኝ። «ይህን መድኃኒት ሰውነት ውስጥ የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። አንዳንድ ሰው ላይ ከተፈጥሮው ደካማ ነው። ያኔ መድኃኒቱ ይጠራቀምና መቅኔው ነጭ ሴል ማምረቱን ያቆማል። የእርስዎም እንደዚያ ይመስለኛል።»

«መጠኑ በዝቶብኝ ነው?»

«ለሌላው ሰው ልክ ነው። ለእርስዎ ግን ብዙ ሆነ። የኢንዛይሙን ምርመራ እዚህ አናገኘውም፤ ለዚህ ነው ደምዎን በየሳምንቱ ያልኩዎት።»

ዘሀራ ጣልቃ ገባች። «ዶክተር፣ ሃያ አምስት ዓመት ሰነፍ ነው ስል ማን ሰማኝ? ይኸው ኢንዛይሙ ሳይቀር!»

ሴሎቼ ቀስ በቀስ ተመለሱ። መድኃኒቴም ተቀየረ። አንጀቴ አንዳንዴ ያምፃል፤ እኔም አምፅበታለሁ።

ለልጅቷ ትልቅ አሳ ይዤ ሄጄ አመሰገንኳት። መጠኑን እዚህ አልናገርም። ያ ባለሙያ ግን ከወር በኋላ መንገድ ላይ አገኘኝና «ያን ቀን በሰው ፊት አዋረዱኝ» አለኝ። ይቅርታ እንድጠይቀው ጠብቆ ነበር።

«ቀብሬ ላይ ከምታለቅስልኝ ተዋርደህ ብኖርልህ አይሻልም?» አልኩት። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም።

ዛሬም ሳስበው ልቤ ይሞቃል፣ ትንሽ ንዴትም አለበት። ሐኪም አከብራለሁ፣ ማሽንም አከብራለሁ። ሰውነቴ ውስጥ የምኖረው ግን እኔ ነኝ። ነገም «ምንም አይደለም፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ» ቢሉኝና ውስጤ እምቢ ቢል፣ ያችው አግዳሚ ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ።