ወረፋ ላይ ሳለች የመጣው ውሃ

በዚያ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ «ማብሪያ ማጥፊያ» የሚባል ሰው ቢኖር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ልብስ ተኳሽ ናት። ከክፍል ክፍል በተዘዋወረች ቁጥር ከኋላዋ አምፖል እያጠፋች ስለምትሄድ ጎረቤቶቿ ያወጡላት ስም ነው። እሷ አልከፋትም። ስም ቤት አይቀማም፤ ቤት የሚቀማው ባንክ ነው።

ሁለት ክፍሏን ከነማድ ቤቷ፣ ከባሏ ጋር በባንክ ብድር ከገዙ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ገና ስምንት ይቀራቸዋል። እሷ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ሸሚዝ ስትተኩስ፣ እሱ ግንብ ሲገነባ፣ ወሩ እንደምንም ይሞላ ነበር። ከሦስት ወር በፊት ግን አሠሪው ሲሚንቶ ተወደደብኝ ብሎ ሥራውን አቆመና ግንበኛው እቤት ቀረ። ሥራ ፈት አልሆነም፤ እጥበቱንም፣ ውልወላውንም፣ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ማድረሱንም ያዘ። ችግሩ የሳሙና አጨማመሩ ነበር። ሲሚንቶ የሚያቦካ ይመስል ዱቄቱን ዘርግፎ ያፈስሰዋል፤ ሚስቱ ደግሞ የሳሙና ቁራጭ ሰብስባ አንድ ላይ የምትጨፈልቅ ሴት ናት። ማቀዝቀዣው ከሰኞ እስከ ዓርብ ተነቅሎ ይውላል። ከሥራ ወደ ቤት በእግሯ ነው የምትመለሰው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። የእሷ እንቁላል ግን እግር ከማውጣቱ በፊት የሁለት ወር ውዝፍ ፈለፈለ። ሦስተኛው ሲጨመር ከባንኩ ደብዳቤ መጣ፤ ውዝፉ በሙሉ ከነቅጣቱ እስከ ሐሙስ አሥር ሰዓት ካልተከፈለ ቤቱ ለሐራጅ ይቀርባል ይላል። ሶፋቸውን ሸጡ። ገዢው ደግሞ የመጨረሻውን ገንዘብ ያመጣው ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል ራሱ ሐሙስ ጠዋት፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች ሆቴሉ ድረስ ነው።

ሐሙስ የውሃ ቀንም ነው። በዚያ ሕንፃ ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ብዙውን ጊዜ ሲመሻሽ ይመጣል። ነዋሪው ሁሉ ቧንቧውን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሲመጣ ድምፁ እንዲጠራው። ማብሪያ ማጥፊያ ከማድ ቤቷ ቧንቧ እስከ በርሜሏ ድረስ ጎማ ዘርግታለች። ባሏ አንድ ቀን «በርሜሉ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ነገር አለ፣ እሱን እንግዛ» ቢላት «ሁለት ሰው ቤት ውስጥ እያለ ለመዝጊያ ገንዘብ? ደህና ነህ?» አለችው። እውነቷን ነበር፤ ሁልጊዜ አንዳቸው እቤት አይጠፉም። በዚያ ሐሙስ ንጋት ላይ ግን ግንበኛው ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ቀን ሥራ ተጠራና ቁርሱን ሳይጨርስ እየሮጠ ወጣ። እሷም የጠዋት ሥራዋን ጨርሳ እቤት ገባች፣ የቀረውን ገንዘብ ከፍራሹ ሥር አወጣች፣ እጇ እንደለመደው ጎማውን በርሜሉ ላይ ሰካች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ አምፖሎቹ መጥፋታቸውን ሁለቴ አረጋግጣ በሩን ቆለፈች።

ባንኩ ውስጥ ሰው ጢም ብሏል። የደረሳት ቁጥር ሰማንያ አራት ነው፤ ሰሌዳው ላይ የሚነበበው ስድሳ አንድ። ሰዓቱ ስምንት። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ታቅፋ ተቀመጠች። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ባልዲ ላይ አንስታ ስትጨምቀው ውሃው ተንዠቀዠቀ።

ክው አለች። ጎማው!

ባሏ ጋ ደወለች። ሥራ ሲገባ ስልኩን ከልብሱ ጋር መጋዘን ውስጥ ነው የሚተወው፤ ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። ሌላ የሚደወልለት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ልክ ከማድ ቤቷ ሥር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ እቤቱ ውስጥ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አለ። የሕንፃው ኮሚቴ አባል ስለሆነ ምድር ቤት ያለው የውሃ ቆጣሪዎች ሳጥን ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው። አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። ከሰፊው ጋር ግን ከተኮራረፉ ሁለት ወር አልፏቸዋል። በረንዳዋ ላይ ያሰጣችው ብርድ ልብስ እሱ በረንዳ ላይ በተሰቀለ የደንበኛ ኮት ላይ ተንጠባጥቦ «ለሳሙና መሰሰትሽን ሰምተናል፣ ለመጭመቅም ትሰስቻለሽ?» ብሎ በሰው ፊት አዋረዳት። እሷም የዋዛ አይደለችም፤ «ጋሼ፣ እርስዎ መጀመሪያ የኮቱን ሁለት እጅጌ እኩል ያድርጉ» አለችው። ሕንፃው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንዱ ግድግዳ፣ አንዱ ጫማውን ያያል።

እና አሁን ደውላ ምን ልትል? «ቤትዎ ላይ ውሃ ለቅቄ መጥቻለሁ» ልትል? ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። «እንደ ወትሮው ሲመሽ ነው የሚመጣው» አለች ለራሷ። ሰው ሲጨንቀው ራሱን በማታለል የሚወዳደረው የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰሌዳው ሰባ ሦስት ሲል፣ ስልኳ ነዘረ። «ታችኛው» ይላል።

ሁለት ወር ያኮረፈ ሰው፣ በሐሙስ ቀን፣ በዘጠኝ ሰዓት ለሰላምታ አይደውልም። ውሃው መጥቷል፤ በርሜሉም ሞልቷል። አወቀች። ካነሳሁት «ቶሎ ነይ» ይለኛል፤ ከሄድኩ ተራዬ ያልፋል፤ ተራዬ ካለፈ ቤቱ ሄደ። ይህንን በአንድ ትንፋሽ አሰበችና ስልኩን ጭኗ ላይ በሆዱ ደፋችው። እንደገና ነዘረ። ሦስተኛ ነዘረ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

«የኔ ልጅ፣ ያንቺ ስልክ እኮ ነው» አሏት አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ።

«የማላውቀው ቁጥር ነው አባባ።»

ከዚያ በኋላ አልደወለም። ዝምታው ከጥሪው ባሰባት። ሰሌዳውን ስታይ፣ ሰዓቱን ስታይ፣ ሰባ ሰባት ቁጥር ሆነው የተጠሩ ሰውዬ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር ስለ ልጃቸው ሠርግ ሲጫወቱ ስታይ፣ ተነስታ ልትጮህባቸው ምንም አልቀራትም ነበር።

መስኮቱ ጋ የደረሰችው አሥር ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ቆጠረች፣ ጻፈች፣ ቀና አለች።

«ትንሽ ይጎድላል እናቴ። ደብዳቤው ከወጣ ወዲህ የስምንት ቀን ቅጣት ተጨምሯል።»

«ስንት?»

ነገረቻት። ትልቅ ገንዘብ አልነበረም፤ የሌለው ሰው ግን ትንሽ የሚባል ገንዘብ አያውቅም። ቦርሳዋን መስኮቱ ላይ ገለበጠች። ለአንድ ቀን እንኳ ብላ የያዘችው የታክሲ፣ የልጇ ደብተር መግዣ፣ ከቦርሳው ገበር ሥር የተገኘ ሳንቲም፣ ሁሉም ሄደ። ሞላ። ማኅተሙ ጧ ብሎ አረፈ፤ ቤቱ ተረፈ። ሦስት ወር ሙሉ ስትመኘው የኖረችው ደስታ ሲመጣ ልትቀበለው ጊዜ አልነበራትም። ደረሰኙን ደረቷ ውስጥ ከታ በእግሯ እየሮጠች ወጣች፤ የታክሲውን ባንኩ በልቶታል።

አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ደረጃው እርጥብ ነው። የሰፊው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከጣሪያው አሁንም ጠብ ጠብ ይላል፤ ሥሩ ባልዲ ተደቅኗል። ሰውዬው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወለሉ ላይ በጨርቅ ውሃ ይቀዳል። ጠረጴዛው ላይ የተሰፉ ስድስት ልብሶች ተከምረው ይንጠባጠባሉ። ወንበር ላይ ደግሞ ለብቻው አንድ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ አለ። አጠገቡ የተሰቀለ ቀይ ኮት ቀለሙን ለቆበት ከደረቱ እስከ ወገቡ ሮዝ ሆኗል። ለአንዲት መዝጊያ ሰስታ እዚህ ደረሰች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፤ ልዩነቱ ብብቱ የሰው መሆኑ ነው።

«ቅዳሜ ነው የምትለብሰው» አለ ሰፊው ቀና ሳይል። አልጮኸም። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

«ካውያውን ይስጡኝ ጋሼ።»

ሰጣት። አንድ ነገር እንኳ በእጇ አለ፤ ሙያዋ። ልብሶቹን አንድ በአንድ በደረቅ ፎጣ ጠቅልላ ጨመቀች፣ በውስጥ በኩል እየገለበጠች ተኮሰች፣ ኮሌታውን በጣቷ እየሳበች አቃናች። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ስድስቱ እንደ ነበሩ ሆኑ። ወደ ቀሚሱ ስትደርስ ካውያውን አስቀመጠች። እሱን የሚያድን እጅ የለም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግንበኛው ሲሚንቶ እንደለበሰ ደረሰ። ነገሩን ከበር ላይ ከጎረቤት ሰምቷል። የቀን ደመወዙን ከኪሱ አውጥቶ ለሰፊው ዘረጋ።

«ይያዙት ጋሼ። ለቀሚሱ።»

ሰፊው ገንዘቡን አየና መለሰለት። «ለክሩ እንኳ አይሆን። ጨርቁ ብቻ የአንድ ወር የባንክ ክፍያችሁን ይሆናል።»

«እንከፍላለን። ወር በወርም ቢሆን እንከፍላለን። አውቃ እኮ አይደለም ጋሼ፤ ረስታው ነው። ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የላትም።»

«ሰው አይደለች፣ ትረሳለች» አለ ሰፊው። «ከመርሳት ጋር ምን ልጣላ?»

ግንበኛው አመስግኖ ላዩን ቤት ሊወለውል ወጣ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ይቅርታው ተሰጥቷታል፤ የሚቀራት ተቀብላው ወደ ቤቷ መውጣት ብቻ ነበር። እግሯ አልሄደም። የሰውዬውን የራሰ ሱሪ አየች።

«አልረሳሁትም ጋሼ።»

ቀና አለ።

«ባንክ ሆኜ ትዝ ብሎኛል። ሲደውሉም አይቻለሁ።»

«ሦስቴ ነው የደወልኩት።»

«አዎ፣ ሦስቴ።»

«ልሰድብሽ መስሎሽ ነው?»

ውሸቱን በሳህን አቀረበላት። አላነሳችውም። «አይደለም። ካነሳሁት ይጠሩኛል፣ ተራዬን ጥዬ መምጣቴ ነው ብዬ ነው። የእርስዎ ቤት ይበላሽ፣ የኔ ይትረፍ አልኩ።»

ሰፊው ጨርቁን ባልዲው ላይ ጨመቀው።

«ማን ይጠራሻል?» አለ። «አንቺ መጥተሽ ምን ታደርጊልኛለሽ? ቁልፉ ያለው እኔ ጋ። ሳጥኑን ከፍቼ ነው የደወልኩልሽ። አሥራ ሁለት ቆጣሪ አለ፤ የተጻፈባቸው የቤት ቁጥር ከለቀቀ ዓመት አልፎታል፣ ሁሉም የየራሱን ነው የሚያውቀው። ያንቺ የቱ እንደሆነ ልጠይቅሽ ነበር። ብታነሺው አንድ ቃል ነው። የዛገውን መዝጊያ ሁሉ በፒንሳ እየታገልኩ አንድ በአንድ ስዘጋ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ስወርድ ቀሚሱ ያለበት ጥግ ደረቅ ነበር።»

ወረፋውን፣ ሰሌዳውን፣ ጭኗ ላይ የደፋችውን ስልክ አንድ ላይ አየቻቸው። ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ቁጥሯ ሳያልፍ፣ ቤቷንም ቀሚሱንም ማትረፍ ትችል ነበር። እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም።

«ከግራ አራተኛው ነው» አለች።

«አሁንማ አወቅኩት» አላት ሰፊው።