የአቶ ሰይድ ቁልቁለት

ረቡዕ ማለዳ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ስነሳ ቦርሳዬ ውስጥ ፋሻ፣ የጥጥ ካልሲዎችና ፎጣ ይዤ ነበር። የምሠራው እግራቸውን ያጡ ሰዎች በሰው ሠራሽ እግር መራመድ በሚለማመዱበት ማዕከል ነው። የአልዩ አምባው ነጋዴ አቶ ሰይድ ከጉልበታቸው በታች የተሠራላቸውን እግር አጥልቀው፣ ያለ ምርኩዝ ከበራችን ወጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀጠሮ አለፋቸው። ስደውልላቸው "እግሩ ሳጥን ውስጥ ነው፤ እምቢ ብሎኛል" አሉኝ። በስልክ የሚፈታ ስላልመሰለኝ ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ።

ጎረቤላ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ሚኒባሱ የገብሱን ማሳ አልፎ ጎረቤላ ሲደርስ ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ሽሮ በልቼ ወደ ቆላ በሚወርድ አይሱዙ ተሳፈርኩ። መንገዱ ገደሉን ታክኮ በተጠማዘዘ ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ፤ መጀመሪያ ነጠላዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። ሾፌሩ የምሄድበትን ሲሰማ "ሱቃቸው ከተዘጋ ቆየ። ሰው ሁሉ ይጠይቃቸዋል" አለኝ።

አልዩ አምባ፣ አምስት ሰዓት

አቶ ሰይድ ከጉልበታቸው ሥር ትራስ አድርገው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘምዘም ፓፓያ ቆርጠው አቀረቡልኝ።

ትራሱን ቀስ ብዬ አወጣሁት። ጉልበት ታጥፎ ከዋለ መዘርጋት እንደሚያቅተው ስነግራቸው፣ ወይዘሮ ዘምዘም "እኔስ ደግ የሠራሁ መስሎኝ" ብለው ሣቁ። ቆዳውን አየሁት፤ ቁስል የለውም። ሰው ሠራሹን እግር ሲያጠልቁት ግን ሰፍቷቸው ይዋልላል። እብጠቱ ስለ ጎደለ ከተቆረጠው የተረፈው እግራቸው ቀጥኗል፤ እሳቸው ግን ዛሬም የሚያደርጉበት አንድ ካልሲ ነው። ሌላ ደረብንበት። ቆመው ክብደታቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዛወሩ።

"አሁን ያዘኝ" አሉ።

ደጅ ስንወጣ ግን ደፉ ላይ ቆመው ቀሩ። ከቤታቸው እስከ ገበያው ጠጠር የበዛበት ቁልቁለት ነው።

"እውነቱን ልንገርሽ ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ካልሲው ብቻ አይደለም። እዚህ ወድቄያለሁ፤ ሰውም አይቶኛል።"

አፈርኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ያለማመድኳቸው ልስልስ ሲሚንቶ ላይ ነበር፤ ቤታቸው ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

ምርኩዝ በጤነኛው እግራቸው በኩል አስያዝኳቸውና ከታች ቆሜ ጠበቅኋቸው። "ሲወርዱ ሰው ሠራሹ ይቅደም፤ ሲወጡ ጤነኛው። በጣም ሲቆለቁል ደግሞ ጎንዎን ሰጥተው ይውረዱ።" አራት እርምጃ ወርደው ተመለሱ። ተቀምጠን እግሩን አወለቅንና ቆዳውን አየን፤ የቀላው ወዲያው ጠፋ። ከዙህር ሶላት በኋላ እንደገና ሞከሩ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ መንገዱን ግማሽ ወርደው ወጡ።

ሐሙስ

በማግስቱ ገበያ ነበር። አቶ ሰይድ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ፤ እኔ ከፊት፣ ወይዘሮ ዘምዘም ከኋላ። ሁለት ጊዜ አረፍን፤ አንድ ጊዜ ጠጠር አንሸራተታቸውና በምርኩዙ ተረፉ። ታች ስንደርስ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት ሴት ሚዛናቸውን ትተው ተነሡ።

"አልሐምዱሊላህ። ሰይድ፣ በእግርህ መጣህ?"

"በሁለቱም" አሉ አቶ ሰይድ።

ገበያው በሣቅ ሞላ። ወይዘሮ ዘምዘም ዞር ብለው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አቶ ሰይድ ሱቁን ከፍተው፣ አቧራውን ሳያራግፉ ጨው መሸጥ ጀመሩ።

ደብረ ብርሃን

ዓርብ ማታ ሹራቤን መልሼ ለብሼ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት ታካሚዎቼን ከሲሚንቶው ላይ አንሥቼ ከማዕከሉ ጀርባ ወዳለው ጠጠራማ ዳገት ወሰድኳቸው። ካሁን በኋላ የማንንም እግር ከማየቴ በፊት ደጁን እጠይቃለሁ። ከሰላ ድንጋይ የመጡ አንዲት እናት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ዳገቱን ቀና ብለው አዩት።

"ይኼማ የእኛ ደጅ ነው" አሉና ጤነኛ እግራቸውን አስቀደሙ።