ዳማን ለደም ምርመራ ቤቴል ያደረስኩበት ቀን

ቀራንዮ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ከቀራንዮ ቤቴል መሄድን ጉዞ ብሎ የሚጽፍ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ደርሶ ሲመለስ ጎረቤት እንኳ አያውቅለትም። እሱ ግን አሥር ዓመት የሞላት፣ እንደ ከረጢት ስሚንቶ የምትከብድ ውሻ አስከትሎ አይወጣም። ዳማ ትባላለች። ባለፈው ሳምንት ድዷ ነጥቶ፣ በር ላይ ተዘርራ አገኘኋት። ቤቴል የምትሠራው የእንስሳት ሐኪም፣ ዶክተር ሊያ፣ በአልትራሳውንድ ብታያት ጣፊያዋ ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት አለ። ክፉ ካልሆነ ጣፊያው ይወጣና ትድናለች። ካንሰር ሆኖ ተሰራጭቶ ከሆነ ግን በዚህ ዕድሜዋ ሆዷን መክፈት እሷን ማሠቃየት ነው። ዛሬ የምንሄደው ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚያደላ ለሚጠቁም የደም ምርመራ ነው። የተሰጠኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ ከማታ ጀምሮ ምግብ እንዳትቀምስ። ሳህኗን ደበቅኩ፣ ባለቤቴን አስጠነቀቅኩ፣ በራሴ ኮራሁ።

ሁለት ታክሲዎች ዳማን ሲያዩ ጥለውን ሄዱ። አንድ ባጃጅ ግን ቆመ።

"ትናከሳለች እንዴ፣ ፋዘር?"

"ጥርሷን የምታሳየው ስታዛጋ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው የሁለት ሰው ሂሳብ ነው።"

ተስማማን። ትናንት የጣለው ዝናብ ጉድጓዱን ሁሉ ሞልቶታል። ባጃጇ በዘለለች ቁጥር የዳማን ሆድ በእጄ ደገፍኩ፤ እብጠቱ ቢፈነዳ ደሟ ውስጥ ለውስጥ ያልቃል ተብያለሁ። እሷ እቴ! አንገቷን አውጥታ በአሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶችና በጅምር ፎቆቹ መካከል የሚነፍሰውን ሽታ ሁሉ ትለቅማለች። እሷን ሳይ እኔም ፍርሃቴ ቀለለኝ።

ቤቴል፣ ሦስት ሰዓት

ዶክተር ሊያ ደሙን ቀድታ በማሽን አሽከረከረችው። ከዚያ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው።

"ጋሽ ታዬ፣ ዳማ ምን በላች?"

"ምንም!"

"ደሟ እንደዚያ አይልም።" ከቀዩ በላይ ያለው ፈሳሽ ጥርት ማለት ሲገባው ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። "ይኼ ቅባት ነው። ቁርሷን በልታለች።"

ወዲያው የአጥር ጎረቤቴ ሐጂ ከድር ትዝ አሉኝ። ሐጂ ለሶላታቸው ንጽሕና ሲሉ ዳማን ነክተው አያውቁም፤ እሷም ጠጋ አትላቸውም። ነገር ግን በየማለዳው ከመስጊድ ሲመለሱ በአጥሩ ቀዳዳ ምግብ ያኖሩላታል። ደወልኩላቸው።

"ሐጂ፣ ዛሬም ሰጥተዋታል?"

"እንዴታ! ሐኪም ቤት ልትሄድ ነው ብላ ባለቤትህ ስትነግረኝ ሩዙ ላይ ሥጋ ጨመርኩበት። የታመመ ፍጡር በባዶ ሆዱ መንገድ ይወጣል እንዴ?"

ቤቴን ሁሉ አስጠንቅቄ አጥሩን ረሳሁት። ዶክተር ሊያ ሳቀች፤ ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። ሕዋስ ሲሞት ፍርስራሹ ደም ውስጥ ይገባል። ክፉ ዕጢ ካለ ብዙ ጊዜ ይበዛል፤ ምግብ ከተበላ በኋላም ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ አሁን ቢለካ ሩዙን ካንሰር ነው ብለን ልንፈርድባት እንችላለን። እስከ ስድስት ሰዓት መጠበቅ ግድ ሆነ።

ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ራበኝና ከበሩ ላይ በሃያ ብር የምስር ሳምቡሳ ገዝቼ ጀርባዬን ሰጥቻት በላሁ። ስዞር እያየችኝ ነው። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው።

ቤቴል፣ ሰባት ሰዓት

ሁለተኛው ደም ጥርት ብሎ ወጣ። ውጤቱን ስንጠብቅ የዳማን ጆሮ እያሻሸሁ ከእግዜር ጋር ብዙ ተነጋገርኩ።

"የፍርስራሹ መጠን ዝቅ ያለ ነው" አለች ዶክተር ሊያ። "ካንሰር የለባትም የሚል ማረጋገጫ ግን እንዳይመስልዎት። ቁርጡን የምናውቀው እብጠቱ ወጥቶ ሲመረመር ነው። ግን በራጅ ያየሁት ሳንባዋም ንጹሕ ነው። የእኔ ብትሆን ቀዶ ጥገናውን አደርግላት ነበር።"

"እንግዲያው አድርጊላት!" አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ። ለሰኞ ጠዋት ተቀጠርን።

ቀራንዮ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ሐጂ ከድር በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይጠብቁን ነበር። ከመውረዴ ተነሡ።

"ጎዳኋት እንዴ፣ ታዬ?"

"ኧረ አልጎዷትም፣ ሐጂ። ትንሽ አስጠበቁን እንጂ።" ውጤቱን ነገርኳቸው። አልሐምዱሊላህ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ቀኑን ሙሉ ውሻዬ፣ ውሻዬ ስል ነበር የዋልኩት። ለካ ዳማ የሁለት ቤት ልጅ ናት፤ ከዚህ መንገድ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ለሰኞው ቀዶ ጥገና ከሁሉ በፊት የሚነገራቸው እሳቸው ናቸው።

"ሐጂ፣ ከእሑድ ማታ ጀምሮ አደራ፣ ምንም እንዳትቀምስ።"

"ሰኞ እኔም ጿሚ ነኝ" አሉ። ከዚያ በአሥር ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዳማ ጎንበስ ብለው አናገሯት፤ "በይ፣ ድነሽ ነይና አብረን እናፈጥራለን።"